የ20 ሰዓት በረራ ለምን ሁለት ሳምንት ይፈጃል?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን፤ እንደምን ከረማችሁ።

አዲስ አውሮፕላን ከአሜሪካ ፋብሪካ እያበረርን ከምናመጣላችሁ መካከል የተረከበም ሆነ ገና ተራውን የሚጠብቅ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ ጠይቆናል። "ከዊቺታ አዲስ አበባ በአየር ላይ የሚያልፈው ጊዜ 20 ሰዓት ገደማ ነው ካላችሁ፣ የሚደርስበትን ቀን ቆርጦ መናገር ምን ያቅታል?" ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኛ መልስ ግን ስልኩን ባነሳው ሰው ሲለያይ ቆይቷል። አንዱ ስለ አየር ጠባይ ሲያወራ ሌላው ስለ ወረቀት ያወራል። ስለዚህ ነገሩን አንድ ጊዜ ጽፈን ለሁላችሁም ለመላክ ወሰንን።

ሳንዞር እንናገር። ከእንግዲህ በውላችን ላይ የሚጻፈው አውሮፕላኑ ከፋብሪካ የሚነሳበት ሳምንት እንጂ ቦሌ የሚያርፍበት ቀን አይደለም።

አብዛኞቻችሁ የምታዝዙት ሴስና ሳይቴሽን ሲጄ3 ስለሆነ በእሱ እንሂድ። የሚገጣጠመው አሜሪካ፣ ካንሳስ ግዛት፣ ዊቺታ ከተማ ነው። ብሮሹሩ 2,040 የባሕር ማይል ይበራል ይላል። ፋብሪካው አልዋሸም፤ ግን ያ ቁጥር ነፋስ በሌለበት፣ ጥቂት ሰው ይዞ፣ ከፍ ብሎ ሲበር የሚገኝ ነው። ባሕር ላይ ነዳጁን እስከ ብሮሹሩ ጫፍ የሚያሟጥጥ ጤነኛ አብራሪ የለም። ስለዚህ መንገዱን እንቆራርጠዋለን። ከዊቺታ ሜይን ግዛት ወዳለችው ባንጎር፣ ከባንጎር ካናዳ ላብራዶር ውስጥ ወዳለው ጉዝ ቤይ፣ ከዚያ አይስላንድ ኬፍላቪክ፣ ካስፈለገም መሐል ላይ በግሪንላንዱ ናርሳርስዋክ በኩል። ቀጥሎ ስኮትላንድ ፕሬስትዊክ፣ የቀርጤስ ደሴቱ ሄራክሊዮን፣ ሉክሶር፣ ጂዳ፣ አዲስ አበባ። ሲደመር 7,500 የባሕር ማይል ገደማ ነው። ጆርጂያ፣ ሳቫና ላይ የሚሠራው ገልፍስትሪም ጂ700 በፋብሪካው ስሌት 7,750 የባሕር ማይል ስለሚበር ይህ ሁሉ ማረፊያ አያስፈልገውም። እሱን ያዘዘ ካለ በራችን ክፍት ነው፤ እስከዚያው ግን በሲጄ3 ቋንቋ እንነጋገር።

የመጀመሪያው መዘግየት ሞተር ሳይነሳ የሚመጣ ነው። አብራሪያችንና ቴክኒሻናችን ፋብሪካው ድረስ ሄደው አውሮፕላኑን መሬት ላይ ይፈትሹታል፣ ከዚያ አብረው ያበሩታል፣ የታየውን ጉድለት ሁሉ ይመዘግባሉ። አንዳንዱ የመቀመጫ ስፌት ነው፤ አንዳንዱ የማይሰማ ሬዲዮ። "ስፌቱን አዲስ አበባ እናስተካክለዋለን፣ ዝም ብላችሁ አምጡት" የሚሉን አሉ። አንስማማም። ፋብሪካው ደጃፍ ላይ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ቦሌ ከደረሰ በኋላ ዕቃ ታዞ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ ወር ሊፈጅ ይችላል።

ገንዘቡ ደግሞ ኤስክሮ በሚባል የአደራ ሒሳብ ይቀመጣል። ይህን የሚሠሩት ብዙዎቹ ድርጅቶች ኦክላሆማ ሲቲ ናቸው፤ የአሜሪካ የአውሮፕላን መዝገብ ቤት እዚያ ስለሆነ። ሻጭ፣ ገዢና አደራ ያዡ በአንድ ስልክ ተገናኝተው "ልቀቁ" እስኪባባሉ ድረስ አውሮፕላኑ የእናንተ አይደለም፤ የእናንተ ካልሆነ ደግሞ አናንቀሳቅሰውም። ስለ ውጭ ምንዛሪው ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁና አንገባበትም።

ምዝገባው ላይ ግን ምክር አለን። እ.ኤ.አ. በ1944 በተፈረመው የቺካጎ ስምምነት መሠረት አብራሪው የሚይዘው ፈቃድ አውሮፕላኑ በተመዘገበበት አገር የተሰጠ ወይም በዚያ አገር የጸደቀ መሆን አለበት። አውሮፕላኑ ከዊቺታ ሲወጣ ጅራቱ ላይ የኢትዮጵያ ኢቲ ምልክት ካለ፣ የእኛ አብራሪዎች አሜሪካ የሰጠቻቸውን ፈቃድ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን አስቀድሞ ሊያጸድቅላቸው ይገባል። በአሜሪካው ኤን ምልክት ከወጣ ይህ ጣጣ የለም። ነገር ግን የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሰው በስሙ ማስመዝገብ ስለማይችል ባለአደራ መቅጠር ይኖርበታል፤ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም ከአሜሪካ መዝገብ ተሰርዞ እንደገና እስኪመዘገብ አውሮፕላኑ ቆሞ ይጠብቃል። ብዙዎች ሁለተኛውን የሚመርጡት ፈጣን ስለሚመስላቸው ነው። እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን፤ ማመልከቻው ከርክክቡ ስድስት ሳምንት በፊት ከገባ።

አሁን ወደ አትላንቲክ።

ባለፈው ጥር አንድ ደንበኛችን ዘመድ አዝማድ ጠርተው፣ ጸበል የሚረጩ ቄስ ሳይቀር ይዘው ቦሌ ሊቀበሉን ተዘጋጅተው ነበር። አውሮፕላኑ ግን ጉዝ ቤይ ላይ አራት ቀን ቆመ። በሁለተኛው ቀን አብራሪው የላከላቸውን ፎቶ አይተው ደወሉልን። "ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቷል፤ ምንድን ነው የምትጠብቁት?" እውነታቸውን ነው፤ ጉዝ ቤይ ፀሐይ ነበር። ችግሩ ያለው 1,330 የባሕር ማይል ርቆ ነው። ባሕር ለመሻገር የአንድ ቦታ ጥሩ አየር አይበቃም። የሚነሱበት፣ የሚያርፉበትና ያ ቢዘጋ የሚሸሹበት፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ክፍት መሆን አለባቸው። በእነዚያ ቀናት ኬፍላቪክን ማዕበል ይዞታል፣ ናርሳርስዋክ ላይ በረዶ ይወርዳል።

ናርሳርስዋክን ያላየ ሰው ለምን እንደምንፈራው አይገባውም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1941 ለጦርነቱ ብለው የሠሩት ነው። ባሕሩ በተራሮች መካከል ወደ ውስጥ በገባበት ጠባብ ሰርጥ ዳር ተቀምጧል፤ ማኮብኮቢያው 1,800 ሜትር ቢሆን ነው፣ ያውም ዳገት አለው፤ ከኋላው በረዶ ግግር። ደመናው ዝቅ ሲል በዚያ ሰርጥ ውስጥ ገብቶ ሐሳብን መቀየር ቀላል አይደለም። ቀኑ ሲጠራ ግን እንደዚያ የሚያምር ማረፊያ አላየንም፤ ይህ በቅንፍ ይያዝልን።

ከዚህ ሌላ አብራሪዎቻችን ከመነሳታቸው በፊት የሚሠሩት አንድ ስሌት አለ። መሐል ባሕር ላይ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል የአየር ግፊት ቢጠፋ አውሮፕላኑ ከ43,000 ጫማ ወደ 10,000 ጫማ መውረድ ግድ ይለዋል። እታች አየሩ ወፍራም ስለሆነ ለእያንዳንዱ ማይል የሚበላው ነዳጅ እጅግ ይጨምራል። ስለዚህ መንገዱ ላይ አንድ ነጥብ ይፈለጋል፤ ከዚያ ወደፊት መሄድም ወደ ኋላ መመለስም እኩል ጊዜ የሚፈጅበት። ነጥቡ የሚገኘው በማይል ግማሽ ላይ አይደለም፤ ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። እዚያ ነጥብ ላይ ግፊቱ ቢጠፋ፣ ዝቅ ብሎ እየበረረ ከሁለቱ አንዱ ጋ የሚያደርስ ነዳጅ በታንኩ ከሌለ በረራው ይቀራል። በፈረንጆቹ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚገፋ ያግዘናል፤ ያው ክረምት ግን ማረፊያዎቹን ይዘጋቸዋል።

ከፍታውም እንደፈለጉት አይደለም። በሰሜን አትላንቲክ አብዛኛው ክፍል ከ29,000 እስከ 41,000 ጫማ ለመብረር ከመሬት ተቆጣጣሪዎች ጋር በጽሑፍ መልእክት የሚያገናኝ መሣሪያ ግዴታ ነው። በብዙ ትናንሽ ጄቶች ላይ ይህ መሣሪያ ካልታዘዘ በቀር አይገጠምም። ስለዚህ ወይ ከ41,000 በላይ መውጣት ነው፣ ወይ ከ29,000 በታች እየበረሩ ነዳጅ ማባከን። ታንኩ ሞልቶ፣ አየሩም ከተለመደው ሞቅ ብሎ ከሆነ ደግሞ ትንሿ ጄት ወዲያው ያን ያህል አትወጣም። አውሮፕላን ስታዝዙ ይህን መሣሪያ ጨምሩ የምንላችሁ ለዚህ ነው። አዲስ አበባና ናይሮቢ መካከል ብቻ ለሚበር ሰው ትርፍ ወጪ መሆኑን እናውቃለን፤ ምርጫው የእናንተ ነው።

ጉዝ ቤይ ላይ ማደር ራሱ ሥራ ነው። በጥር ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ሃንጋር የሚባለው የአውሮፕላን መጠለያ ከተገኘ አውሮፕላኑ ይገባል፤ ካልተገኘ ባትሪው ወጥቶ ሆቴል ያድራል፣ የመጸዳጃ ቤቱና የቡና ማፍያው ውኃ እስከ ጠብታ ይደፋል። አሜሪካ ውስጥ የሚቀዳው ጄት ኤ የተባለው ነዳጅ በብርድ የሚረጋበት ገደብ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው፤ በሌላው ዓለም የተለመደው ጄት ኤ-1 ደግሞ 47። ከዊቺታ የሞላነው ታንክ ረጅም ሰዓት ከፍታ ላይ ሲቆይ አብራሪው የነዳጁን ሙቀት ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተላል። በባሕሩ ላይ ሲያልፉ ሁለቱም አብራሪዎች ውኃ የማያስገባውን ወፍራም የጎማ ልብስ እስከ ወገባቸው ለብሰው ነው፤ በዚያ ውኃ ውስጥ ያለ እሱ የሚኖረው ጊዜ በደቂቃ ስለሚቆጠር። ሥራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1940 ሰባት ሀድሰን የጦር አውሮፕላኖች ዛሬ ካናዳ ውስጥ ካለው ከጋንደር ተነስተው በሌሊት ተሻግረው ሰባቱም ሰሜን አየርላንድ ሲደርሱ ብዙዎች በክረምት አይሆንም ብለው ነበር።

ከአውሮፓ ወዲህ አየሩ ይቀላል፤ ወረቀቱ ይከብዳል። ግብፅና ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሰጡት የማለፊያና የማረፊያ ፈቃድ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይጸናል። ጉዝ ቤይ ላይ አራት ቀን ከቆምን ተሠርቶ ያለቀው ሁሉ ይፈርሳል፣ እንደገና ይጠየቃል። በእነዚህ አገሮች ዓርብና ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው፤ አውሮፓ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ። የእኛ የገና በዓል በአሜሪካ የሥራ ቀን ነው፤ የእነሱ የገና በዓል ደግሞ በእኛ። የሱዳን ጦርነት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2023 ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ከሉክሶር ቀጥታ ወደ ደቡብ መውረድ ስለቀረ በጂዳ መዞር ግድ ሆኗል፤ አንድ ፈቃድ፣ አንድ ማረፊያ፣ አንድ ሒሳብ ተጨመረ ማለት ነው።

ስለ ሻንጣ። በእያንዳንዱ ጉዞ "ባዶ ከሚመጣ" ተብሎ ላፕቶፕ፣ ጎማ፣ አንዴም የሠርግ ልብስ እንድናመጣ እንጠየቃለን። አውሮፕላኑ ባዶ ነው፤ ግን በስምንት አገር ጉምሩክ ፊት ያልፋል፣ በጭነት ዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረ አንድ ካርቶን ሙሉውን ጉዞ ሊያስቆም ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዳዲስ ቦይንጎቹን ሲያመጣ የሕክምና ዕርዳታ ጭኖ እንደሚመጣ የጠቀሳችሁልን አላችሁ። እውነት ነው፤ ወረቀቱ አስቀድሞ አልቆ ነው የሚጫነው። ለእኛም ከአንድ ወር በፊት ከነደረሰኙ ከነገራችሁን እናየዋለን። አብሮ መብረርን በተመለከተ ግን መልሳችን አይሆንም ነው፤ ኢንሹራንሱ ከሁለቱ አብራሪዎች ሌላ ሰው አይሸፍንም።

ስለ ሰዓት። የምንልክላችሁ መልእክት ሁሉ በዙሉ ሰዓት፣ ማለትም በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ "9:00 እንደርሳለን" ብለን ጻፍን፤ በእኛ በአበሻ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ማለት ነበር። ቤተሰቡ 9 ሰዓት ብሎ አንብቦ፣ አብራሪዎቹ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቦሌ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ቆዩ። ከእንግዲህ ሁለቱንም ጎን ለጎን እንጽፋለን።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የሥራ ዋጋችን ቁርጥ ነው፣ አይጨምርም። ነዳጅ፣ የማረፊያ ክፍያ፣ ሃንጋርና ፈቃድ በደረሰኙ ልክ ይከፈላል። በአየር ጠባይ ምክንያት የሚባክኑት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የአብራሪዎቹ አበልና ሆቴል በእኛ ነው፤ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ እኩል እንካፈላለን። እኛም የምንከፍል ስለሆንን ያለ ምክንያት እንደማንቆም ይህ ማስረጃ ይሁናችሁ። ከእናንተ ወገን በዘገየ ወረቀት ወይም ክፍያ የሚባክነው ቀን ግን በእናንተ ነው።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለን። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ሳለ አብራሪዎቹ ጋ አትደውሉ። ባለፈው ዓመት አንድ አብራሪያችን ኬፍላቪክ ተኝቶ ሳለ በሌሊት ሦስት ጊዜ ተደውሎለታል፤ "ነገ ካልደረሰ ስብሰባዬ ይበላሻል" እየተባለ። በማግስቱ አየሩ ክፍት ነበር፤ ነገር ግን እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው አናበርም ብለን አንድ ተጨማሪ ቀን አስቆምነው። ቁጣም ሆነ ጥያቄ ካለ ቢሮ ደውሉ፤ በየማረፊያው ሲደርሱ ወዲያው እናሳውቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሥራ አስኪያጁ