ኢቃማ ሳትጠይቁ በር ለከፈታችሁልን

ቤይሩት ላላችሁት ወዳጆቼ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደሴ ገብቻለሁ። እናቴ ቤት ነኝ። ብዙዎቻችሁ «ስትደርሺ ደውይ» ብላችሁኝ ነበር። ስልኬ መንገድ ላይ ስለጠፋ የማንም ቁጥር የለኝም። ስለዚህ በጦርነቱ ወቅት ላደረጋችሁልን ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርገው። ስማችሁን ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። ገሚሶቻችሁ አሁንም ያለ ኢቃማ ናችሁ። ገሚሶቻችሁ ደግሞ እኛን በማስጠጋታችሁ ጣጣ እንዲመጣባችሁ አልፈልግም።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ የምትኖረው በከፋላ፣ በአሠሪ ዋስትና ማለት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማው ማለት ነው፣ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው። ደመወዟን ቢከለክሏት፣ ቢመቷት፣ በር ቢቆልፉባትና ብትወጣ፣ በወጣችበት ቀን ሕገወጥ ትባላለች። ፓስፖርቷም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። እኔም የወጣሁት እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሊራው መውደቅ ሲጀምር ማዳም «ዶላር የለም» አለች። ከዚያ ስለ ደመወዝ ማንሳቱም እንደ ጥፋት ተቆጠረብኝ። ዳሂያ፣ በቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በሰዓት እያጸዳሁ መኖር ጀመርኩ።

መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ነበር። አንደኛዋ ጓደኛዬ ክርስቲያን ስለሆነች ቡና አፍልታ፣ ዳቦ ቆርሰን ነበር። አመሻሹ ላይ የሂዝቦላህ መሪ ሐሰን ነስረላህ የተገደሉበት የእስራኤል ድብደባ ወረደ። ሌሊቱን ደግሞ ከእነዚህ ሕንፃዎች ራቁ የሚል ካርታ በየስልኩ መጣ። አንደኛዋ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እግራችን ወደመራን ወጣን።

አሞ (አጎቴ)፣ የሰርቪስ፣ የጋራ ታክሲ ማለት ነው፣ ሹፌሩ፣ መጀመሪያ አንተን ነው የማመሰግነው። በዚያ ሌሊት የታክሲ ዋጋ ጣራ ነክቶ ነበር። አንተ ሚስትህንና ልጆችህን ከፊት አጭቀህ እኛን ከኋላ ጫንከን። ገንዘብ ስንዘረጋ ተቆጣኸን። ባሕሩ ዳር ኮርኒሽ ላይ ስታወርደን የልጅህን ብርድ ልብስ ለነፍሰ ጡሯ ሰጠሃት። ብርድ ልብሱ እስካሁን አለ። ሕፃኑ ነው የሚተኛበት።

ሲነጋ ተፈናቃይ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሄድን። «ለሊባኖሳውያን ብቻ ነው» ተባልን። የነገረን ሰው ክፉ አልነበረም። አፍሮ መሬት መሬት ያያል። ቦታ እንደሌለም አውቃለሁ። በዚያ ሰሞን ከተከፈቱት ወደ 900 የሚጠጉ መጠለያዎች አብዛኞቹ ሞልተው ነበር። ግን እኛ ፊት ለፊት ሌላ ቤተሰብ ገባ። የተባበሩት መንግሥታት የፍልሰት ድርጅት (አይ.ኦ.ኤም.) ሰዎች አገሪቱ ውስጥ ወደ 170 ሺህ የሚሆኑ ስደተኛ ሠራተኞች እንዳሉ ይናገሩ ነበር። በርካታ አሠሪዎች ሸሽተው ሠራተኛዋን መንገድ ላይ፣ አንዳንዶቹም ቤት ውስጥ እንደተቆለፈባት ትተዋታል። ለዚያ ሁሉ ሰው መጠለያ ማን ይስጥ የሚለውን አስቀድሞ ያሰበበት አልነበረም።

አሽረፊዬ የሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን አባቶችና የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት ሠራተኞች፣ አላህ ኸይር ጀዛችሁን ይክፈላችሁ። ሱዳናዊው፣ ባንግላዴሻዊቷ፣ ፊሊፒናዊቷ፣ ሐበሻዋ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። እኔ እስላም ነኝ። የምሰግድበት ጥግ ስጠይቅ ያለ ምንም ማንገራገር አሳያችሁኝ። ወሎዬ ስለሆንኩ ይህ ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። ማንም «ወረቀትሽን አሳዪ» አላለኝም። ከማዳም ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ስሜን ከወረቀቴ አስቀድሞ የጠየቀኝ ሰው ትንሽ ነው።

የ«እኛ ለእኛ በስደት» እህቶች፣ እናንተን በምን ቃል ላመስግን? ይህን ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያው ሊባኖስ የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በእኛ ኪስ ምን እንደሌለ የምታውቁት ለዚህ ነው። ሌላው ሩዝና ምስር ሲያመጣ፣ እናንተ ሞዴስ፣ ፓንት እና የስልክ ካርድ ይዛችሁ መጣችሁ። ሴት ልጅ ጦርነት ውስጥም የወር አበባ እንዳላት ያስታወሳችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ!

ምጡ ጥቅምት ላይ መጣ። የሄድንበት ሆስፒታል መጀመሪያ ተቀማጭ በዶላር ጠየቀ። ልጅቷ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ይዛ ቆማለች። ሁለት ሊባኖሳውያን በጎ ፈቃደኞች በዋትሳፕ ገንዘብ ሲለምኑ አመሹ። ከመካከላቸው ያለችው ተማሪ የራሷን የቤት ኪራይ ጨምራበታለች። ይህን ያወቅሁት ቆይቶ ነው፤ እሷ አልነገረችኝም። ወንድ ልጅ ተወለደ።

ትልቁ ጭንቅ ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ካልተመዘገበ በሕግ ፊት የለም። ለመመዝገብ ደግሞ ሙኽታር ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ሙኽታር የሰፈሩ ሕዝብ የሚመርጠው ሹም ነው፤ የልደት ወረቀት ያለ እሱ ማህተም አይንቀሳቀስም። እናትየው ያላት የፓስፖርቷ ፎቶ ብቻ ነው፣ እሱም ስልኳ ላይ። በመንገድ ላይ «ለጀነራል ሴኩሪቲ (የውጭ ዜጎችን ፈቃድ ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት) ቢደውልስ?» እያለች ሁለት ጊዜ ልትመለስ ነበር። ሙኽታሩ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ገፍተው ፎቶውን አዩ። ስለ ኢቃማ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቅጹን በራሳቸው እጅ ሞሉ፣ የልጁን ስም ፊደል በፊደል አስነገሩን። ቴምብር በጥቁር ገበያ ይሸጥ በነበረበት በዚያ ጊዜ ከመሳቢያቸው አውጥተው ለጠፉ። አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ልጁ ሰው መሆኑን የመሰከረለት የመጀመሪያው ወረቀት የእርስዎ ነው።

ያቺው ተማሪ ሕግ ነው የምታጠናው። ዓለም አቀፉን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ካረቀቁት አንዱ ሊባኖሳዊው ቻርለስ ማሊክ እንደነበሩ እሷ ነች የነገረችኝ። መግለጫው የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ስድስተኛው አንቀጽ ማንም ሰው የትም ቦታ በሕግ ፊት ሰው ተብሎ የመታወቅ መብት አለው ይላል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣው የአገሯ የሠራተኛ ሕግ ደግሞ በሰባተኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ አስወጥቷል። እስካሁን አልገባችም። ይህን ስትነግረኝ በአገሯ ተናዳ ነበር። እኔ ደግሞ ይኸው እያመሰገንኩ ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። የእኛ ነገር ሁሉ በሰው ደግነት ነው ያለፈው። አሞ በሌላ መንገድ ቢሄድስ? ሙኽታሩ ፈሪ ቢሆኑስ? የእናንተ ደግነት አላነሰም፤ ግን ልጅ ለመውለድና ለማስመዝገብ ደግ ሰው መፈለግ አልነበረብንም።

ተይታ (አያቴ)፣ አንቺን ለብቻሽ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ «ለሐበሻ አናከራይም» ከሚል ሰፈር ወደ ሰፈር ስንዞር ቡርጅ ሐሙድ ላይ አንቺ ተቀበልሽን። ሰፈሩን የመሠረቱት በኦቶማን ዘመን ከእልቂት የተረፉ አርመኖች ናቸው፤ «አያቴም ወረቀት አልነበራትም» ብለሽ ቁልፉን ሰጠሽን። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ ስላመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከእነሱም ስለተቋቋመው የሙዚቃ ጓድ ስነግርሽ ሳቅሽ፤ «እንግዲያው ዕዳ ነበረብን» አልሽ። ጎረቤትሽ ፖሊስ እጠራለሁ ስትል በረንዳ ላይ ወጥተሽ የሰደብሻት ስድብ ትርጉሙ ባይገባኝም ሠርቷል። ኅዳር 18 ተኩሱ ቆመ ሲባል ያፈላሽልንን ቡና አልረሳውም። ስኳሩ ግን በዝቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ታሪክ ነው። ሊሴፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት)፣ የመውጫ ፈቃድ፣ ወረፋ፣ እንደገና ወረፋ። አሰልቺ ስለሆነ አልጽፈውም።

እዚያ ለቀራችሁ እህቶቼ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የፓስፖርታችሁን እና የኮንትራታችሁን ፎቶ በስልካችሁ ብቻ አትያዙ፤ አገር ቤት ላለ ሰውም ላኩ። ከእኔ ጋር የነበራችሁና ቁጥሬን ያጣችሁ በዚሁ ገጽ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አሞን የሚያውቅ ካለም ብርድ ልብሱ ደሴ መሆኑን ይንገርልኝ። እናትና ልጁ አብረውኝ ናቸው።