አዲስ ለመጣች ድመት በር ለመክፈት አትቸኩሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የጎረቤቴ ልጅ ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። «እትዬ፣ ግራጫ ድመት አላዩም?» አለኝ። ድመቷ እነሱ ቤት ከገባች ገና አምስተኛ ቀኗ ነበር። ባለቤቶቿ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ነው የሰጧቸው። ውጭ መዋልና ማደር የለመደች ስለሆነች ቤት ውስጥ ታፍና እንዳትጨነቅ ብለው በአራተኛው ቀን በሩን ከፈቱላት። በዚያው ቀረች።

ልጁን ሳየው የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። የዛሬ 9 ዓመት እኔም ይህንኑ አድርጌያለሁ። የማውቃቸው ሰዎች አንዲት የግቢ ድመት ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው፤ ከፈትኩላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈለግኳት። አላገኘኋትም። ያኔ የነገርኩት ሰው ሁሉ የመለሰልኝ አንድ ነው፦ «ድመት እኮ ውለታ አታውቅም፤ ተያት።» እኔም አምኜ ተውኳት። ዛሬ ግን አላምንም። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ነገሩ የውለታ ጉዳይ አይደለም፤ የቦታ ጉዳይ ነው። ድመት ቦታዋን የምታውቀው በጠረን ነው። ጉንጯ፣ አገጯና መዳፏ ላይ ጠረን የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት። የወንበር እግር ላይ ስትታከክ የራሷን ጠረን እየተወች ነው። አዲሱ ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ ገና የለም። ስለዚህ በሩ ሲከፈት የምታውቀውን ቤት ፍለጋ ትሄዳለች። የሄደችው እናንተን ጠልታ አይደለም፤ ቤቷ ገና እዚያ ስለሆነ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ መኪና አለ፣ ውሻ አለ።

አሁን አብራኝ ያለችው ቡሬ ናት። ነጭና ጥቁር ስለሆነች ነው እንዲያ ያልኳት። እሷም የውጭ ድመት ነበረች። ስቀበላት የእንስሳት ሐኪም ጠየቅኩ፤ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት እንዳላስወጣት ነገረኝ። መጀመሪያ ሙሉ ቤቱን ሳይሆን አንድ ክፍል ብቻ ሰጠኋት። በጎኑ ቀዳዳ ያለው ካርቶን አስቀመጥኩ፤ ውስጡ ከድሮ ቤቷ ያመጣሁትን ጨርቅ አነጠፍኩ። ጨርቁን አላጠብኩትም። መታጠብም የለበትም፤ የምታውቀው ጠረን ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሳጥን ከምግቧ ራቅ አድርጌ ሌላ ጥግ አኖርኩት። ውጭ የለመደች ድመት የተገዛ አሸዋ ላይ እምቢ ልትል ስለምትችል ከግቢው አፈር ቆንጥሬ ቀላቀልኩበት። ወዲያው ገባት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከካርቶኑ አልወጣችም። እንዲህ ስትሆን ጎትቶ ማውጣት ትልቅ ስህተት ነው። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ ጋዜጣችሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነብላት ነበር። አላያትም። ድመት አፍጥጦ የሚያያትን እንደ ጠላት ልትቆጥረው ትችላለች። በስድስተኛው ቀን ማታ ገጹን ስገልጥ ቀና አልኩ። አገጯን የካርቶኑ ጠርዝ ላይ አሳርፋ ታየኛለች። ዓይኔን ቀስ ብዬ ከደንኩና ገለጥኩ። እሷም ግማሽ ድረስ ከደነች፤ ቆየት ብላ ገለጠች። ሳላስበው እንባዬ መጣ። በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ሰው ዓይኑን በዝግታ ሲከድን ድመትም መልሳ ትከድናለች፣ ወደ እሱ ለመቅረብም ትደፍራለች።

አንድ ነገር ግን ቸል አትበሉ። ድመቷ ካስቀመጣችሁላት ምግብ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ጋር ደውሉ። ድመት ለቀናት ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ሊጎዳ ይችላል። ወተትም ብዙ ጊዜ ለትልቅ ድመት አይስማማም፤ ሆዷን ያበላሸዋል። ውሃ ይበቃታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንና የማምከኑን ነገር ደግሞ ውጭ ሳትወጣ በፊት መጨረስ ነው።

ከባዱ ለቅሶው ነው። ውጭ የለመደች ድመት በተለይ ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ በር ላይ ትጮኻለች፤ በተፈጥሮዋ የምትንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። እኔ መስኮቱ ሥር ከፍ ያለ ወንበር አደረግኩላት፤ ውጭውን እያየች ትውል ጀመር። ማታ ማታ ገመድ እየጎተትኩ አሯሩጣታለሁ። ሲያልቅ ግን ገመዱን አነሳዋለሁ፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይጎዳል። በዚህ መሀል ደግሞ ምግቧን በሰጠኋት ቁጥር ቆርቆሮውን በማንኪያ መታ መታ አደርግ ነበር።

በ30ኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ሳትበላ በሩን ከፈትኩ። ተሸክሜ አላወጣኋትም፤ በራሷ እግር ወጣች። በሩንም ከኋላዋ አልዘጋሁትም። ደጃፉን፣ ማሰሮ ውስጥ የተተከለውን አበባ፣ አጥሩን አንድ በአንድ አሸተተች። ልቤ ይመታል። አስር ደቂቃ ሲሞላ ቆርቆሮውን መታሁ። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ እየሮጠች ገባች።

ድመት ለሰው የምትሰጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ያልታጠበ ጨርቅ አብራችሁ ስጡ፤ «አንድ ወር እንዳትለቋት» ብላችሁም ንገሩ። ድመት የጠፋባችሁ ደግሞ መጀመሪያ የድሮ ቤቷን ፈልጉ። ለጎረቤቴ ልጅም ያልኩት ይህንኑ ነው። የድሮ ቤቷ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። እናቱ እዚያ ለገቡት ሰዎች ስልኳን ሰጥታ መጣች። ረቡዕ ማታ ተደወለላት፤ ድመቷ የድሮ ቤቷ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ከስታለች፣ ግን ደህና ናት።

ትናንት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጁ የመኝታ ክፍሉ ወለል ላይ በሆዱ ተኝቶ የቤት ሥራውን ይሠራል። ጥግ ላይ ካርቶን አለ፤ ከውስጡ የሚታየው አንድ ግራጫ ጆሮ ብቻ ነው። ስገባ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ቀስ ይበሉ» አለኝ በሹክሹክታ። «ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው።»

የዘወትር አንባቢያችሁ