በነፃ ድረ ገጼ ላይ የሚወጡ ባነር ማስታወቂያዎች እንዲስተካከሉ የቀረበ ቅሬታ

ሐረር
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የእንግዳ ማረፊያዬን የክፍል ማስያዣ ቁልፍ መስለው ስለሚወጡና ከከለከልኳቸውም በኋላ ስላልቀሩ ማስታወቂያዎች

በሐረር ከተማ፣ በጁገል ግንብ ውስጥ፣ ከወላጆቼ የወረስኩትን «ጌ ጋር» የሚባል ባህላዊ የሐረሪ ቤት አራት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አድርጌ የማስተዳድር ስሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የቤቱ ድረ ገጽ በእናንተ ነፃ የማስተናገጃ አገልግሎት ላይ ይገኛል። ነፃ የተባለው አገልግሎት ወጪው የሚሸፈነው በማስታወቂያ መሆኑን ስመዘገብ አውቄና ውሉን አንብቤ የተስማማሁበት ስለሆነ፣ ቅሬታዬ ማስታወቂያ ለምን ወጣ የሚል አይደለም። ያኔ የተገለጸልኝ በገጹ አናት ላይ በኮምፒውተር 728 በ90፣ በስልክ ደግሞ 320 በ50 ፒክስል የሆነ አንድ ባነር እንደሚቀመጥ ነበር፤ ይኸው ባነር ሁለት ዓመት ያህል እኔንም እንግዶቼንም ሳያስቸግር ኖሯል።

ካለፈው ጥር ወር ወዲህ ግን ምንም ማሳሰቢያ ሳይደርሰኝ የማስታወቂያዎቹ ቁጥር ሦስት ሆነ። አንደኛው 300 በ250 ፒክስል የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ማስታወቂያ የተቀመጠው በጽሑፌ መሀል፣ «ክፍል ይያዙ» ከሚለው አረንጓዴ ቁልፌ በላይ ሲሆን፣ በውስጡ ደጋግሞ የሚመጣውም «አሁን ይያዙ» የሚል ሌላ አረንጓዴ ቁልፍ ነው። «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት የለበትም። ጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች ስላሏት፣ እንግዳ እንዳይሳሳት በሸዋ በር ገብቶ በየት በኩል እንደሚመጣ በገጹ ላይ በዝርዝር ጽፌያለሁ፤ አሁን ግን እንግዳዬ የሚሳሳተው ከተማይቱ ሳይደርስ፣ ገና ስልኩ ላይ ሆኗል።

በመጋቢት መጨረሻ፣ ከረመዳን በኋላ በሚከበረው የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል ሰሞን የደረሰውን ለአብነት ልጥቀስ። ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደው ደወሉልኝና፣ ክፍል እንደያዙና ቀብድም እንደከፈሉ ነገሩኝ። በመዝገቤ ስማቸው አልነበረም። የከፈሉት በዚያ ማስታወቂያ በኩል ገብተው ለማላውቀው የሌላ አገር ድረ ገጽ ነበር። በዓሉ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ በዚያ ሰሞን ክፍል ማግኘት ይበልጥ ከባድ ስለሆነ፣ ቤቴም ሞልቶ ስለነበር፣ በጎረቤት ቤት አሳደርኳቸው፤ የገንዘባቸው ነገር ግን እስከ ዛሬ መፍትሔ አላገኘም። ሴትዮዋ ያዘኑት በማስታወቂያው ባለቤት ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ነው፤ አልፈርድባቸውም፣ ያዩት የቤቴን ስምና ፎቶ ነውና።

ችግሩን የሚያባብሰው የማስታወቂያው አጫጫን ነው። ኮዱን የምትጨምረው የእናንተ ሰርቨር ስለሆነች፣ በእኔ ፋይል ውስጥ ልነካው የምችለው ነገር የለም። ጽሑፌ አስቀድሞ ይታያል፤ ማስታወቂያው ደግሞ ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ ከሰከንዶች በኋላ ይደርስና፣ ቦታ ስላልተያዘለት ገጹን ሁሉ ወደ ታች ይገፋዋል። እንግዳው ጣቱን ወደ ቁልፌ ሲሰድ፣ ቁልፉ ከሥሩ ይሸሽና ማስታወቂያው ይተካል። ኔትወርክ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት፣ በተለይ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለው መንገድ ላይ ሆነው ገጹን ለሚከፍቱ፣ ይህ ዘወትር የሚያጋጥም ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የማስታወቂያው ቁመትና ስፋት አስቀድሞ በኮዱ ከተገለጸ ቦታው ባዶም ቢሆን ተጠብቆ ስለሚቆይ ገጹ አይዘልም።

ሁለተኛው ጉዳይ የማስታወቂያዎቹ ዓይነት ነው። በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ የማልፈልጋቸውን ዘርፎች የምመርጥበት ክፍል ስላለ፣ በየካቲት ወር ውርርድንና አልኮልን ዘግቻለሁ፤ ሰሌዳውም ምርጫዬ «ተቀምጧል» ብሎ አረጋግጦልኛል። ሆኖም በረመዳን ጾም ወር ጭምር የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ከእናቴ ቤት ነደባ (ከፍ ብሎ የተሠራ የመቀመጫ መደብ) ፎቶ ሥር ሲወጣ ነበር። እኔ በራሴ ስልክ ስከፍተው አይታየኝም፤ ማስታወቂያው እንደ ተመልካቹ አገርና ቀድሞ እንደጎበኛቸው ገጾች የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ ያወቅሁት እንግዶች ፎቶ አንስተው ሲልኩልኝ ነው። የላኩልኝን ሰባት ምስሎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ክፍላችሁ ከዚህ ቀደም የሰጠኝ መልስ ማስታወቂያዎቹን የሚመርጠው ሌላ የማስታወቂያ አሻሻጭ ድርጅት ነው፣ ካልተመቸዎት ወደሚከፈልበት አገልግሎት ይሸጋገሩ የሚል ነበር። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ለእኔ መሰል አነስተኛ ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ አታጡትም። ከዚያ በላይ ግን፣ አሻሻጩን የመረጠውና ገጼን የከፈተለት ድርጅታችሁ እንጂ እኔ አይደለሁም። አሳሳች የንግድ ማስታወቂያ በአገራችን በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ መሆኑንም ማስታወስ እወዳለሁ። ለራሳችሁም ጥቅም ቢሆን፣ ክሮም አሳሽ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመልካችን በሚያውኩ ማስታወቂያዎች የተጨናነቁ ገጾችን ማስታወቂያ በሙሉ ማገድ ስለጀመረ፣ አሁን የተያዘው አካሄድ ገቢያችሁን የሚያሳድግ አይመስለኝም።

ስለዚህ በጽሑፌ መሀል የገባው ማስታወቂያ እንዲነሳና ወደ አንድ የአናት ባነር እንድንመለስ፣ ይህ የማይቻል ከሆነ ግን ከማስያዣ ቁልፌ ርቆ፣ ቦታው አስቀድሞ ተለክቶ፣ «ማስታወቂያ» የሚል ግልጽ ጽሑፍ ተለጥፎበት እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። የዘጋኋቸው ዘርፎችም በተግባር እንዲዘጉ ይደረግልኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀናት ውስጥ መልስ የማይሰጠኝ ከሆነ፣ የድረ ገጼን ፋይሎችና ፎቶዎች አውርጄ ወደ ሌላ አስተናጋጅ እንድወስድ፣ የቀድሞው አድራሻም ለስድስት ወር ያህል ወደ አዲሱ እንዲመራ እንድትፈቅዱልኝ አመለክታለሁ፤ አድራሻው በታተሙ የጉዞ ካርዶቼ ሁሉ ላይ አለና።

ከሰላምታ ጋር
የእንግዳ ማረፊያው ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ጁገል፣ ሐረር

አባሪ፦ ሰባት ምስሎች