አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ስለ መምረጥ፦ ለአብርሽ

ይድረስ ለአብርሽ፤

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ነው? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! ኑሮው ወዲያና ወዲህ ሲያራውጠን ደህና ነህ ወይ መባባሉም ቀረ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መልእክትህን ሳይ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የጠየቅከኝ ስለ ግራፊክስ ካርድ መሆኑ ደግሞ የባሰ ደስ አሰኘኝ። ያው አብርሽ ነህ፣ አልተለወጥክም።

ለጌም የሚሆኑ ሦስት ዩዝድ ካርዶች አግኝቻለሁ ብለሃል፦ ጂቲኤክስ 970፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 580 እና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፣ ሞኒተርህም 1080ፒ (1920 በ1080 ነጥብ) ነው። እንግዲያው አላንዛዛብህም፤ 1660 ሱፐሩን ውሰድ። ግን ያ ካርድ ነገ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ቢቀርብልህ ራስህ መመዘን እንድትችል ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

ሰው ካርድ ሲያወዳድር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ፍሬም ይሰጣል?» ብሎ ነው፤ ፍሬም ማለት ስክሪኑ ላይ በተከታታይ ከሚታዩት ምስሎች አንዱ ነው። የሚነገረው ቁጥር ብዙውን ጊዜ አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሳል ማለት ነው። አሁን አንድ ካርድ 58 ፍሬሞችን በ15 ሚሊሰከንድ እያወጣ ሄዶ ቀጣዩ ላይ 100 ሚሊሰከንድ ፈጀ እንበል። 59 ፍሬም በ970 ሚሊሰከንድ ወጣ። አማካዩን ስታሰላው 60 አካባቢ ነው፤ ወረቀት ላይ ምንም አይወጣለትም። አንተ ግን ጠላት ላይ አነጣጥረህ ሳለ ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ ታየዋለህ። በየሰከንዱ እንዲህ ከሆነ ያ ጌም አይጫወቱትም።

ስለዚህ ፈተና ስታይ «አንድ ፐርሰንት ሎው» የሚባለውን ቁጥር ፈልግ። ከሁሉም ቀርፋፋ የሆኑት ፍሬሞች ምን ያህል እንደወረዱ የሚያሳየው እሱ ነው። አማካዩ 70 ሆኖ ሎው 55 የሆነ ካርድ፣ አማካዩ 85 ሆኖ ሎው 30 ከሆነው ይሻለኛል። በዚህ አልደራደርም።

አሮጌ ካርዶች ላይ ሎውን በጣም የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሜሞሪ ነው። ጌሙ የሚፈልገው ቴክስቸር (የግድግዳውና የዕቃው ገጽ ምስል) ካርዱ ሜሞሪ ላይ ካልበቃ፣ የተረፈው በኮምፒዩተሩ ዋና ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጥና እየተመላለሰ ይመጣል። ያ መንገድ ከካርዱ ሜሞሪ ጋር ሲነጻጸር በጣም ቀርፋፋ ነው። ምልክቱን በዓይንህ ታየዋለህ። አንድ ማዕዘን ዞረህ አዲስ መንገድ ውስጥ ስትገባ ግድግዳው ጭቃ የተቀባ መስሎ ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ጡቡና ጽሑፉ ብቅ ይላል። እስከዚያው ጌሙ ይቆራረጣል። አንዳንድ ጌም ደግሞ አይቆራረጥም፤ በቃ ግድግዳውን ጭቃ አድርጎ ይተወዋል። የፍሬም ቁጥሩ አይነካም፣ የምታየው ነገር ግን ተበላሽቷል። ይህኛውን ምንም ግራፍ አያሳይህም።

970ን የማልመክርህም በዚህ ነው። ካርዱ በፈረንጆቹ መስከረም 2014 ሲወጣ ባለ 4 ጊጋባይት ተብሎ ነው። በጥር 2015 ግን ሜሞሪው ሁለት ቦታ የተከፈለ መሆኑ ታወቀ፤ 3.5 ጊጋባይቱ ፈጣን፣ የቀረው ግማሽ ጊጋባይት በጣም ቀርፋፋ። መጀመሪያ የተነገረው የሮፕ (የመጨረሻውን ምስል የሚያወጡት የካርዱ ክፍሎች) ቁጥር 64 ነበር፣ ትክክለኛው 56 ሆኖ ተገኘ። አምራቹ ኤንቪዲያም አሜሪካ ውስጥ ክስ ቀርቦበት ለገዢዎች በካርድ 30 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዘመኑ ግሩም ካርድ ነበር፣ አልክድም። በ145 ዋት ያን ያህል ፍጥነት መስጠቱ ያስደንቅ ነበር። ዛሬ ግን 3.5 ጊጋባይት ለአዳዲስ ጌሞች አይበቃም።

ስም ላይም እንዳትሸወድ። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋባይት አለ። ልዩነታቸው ሜሞሪው ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ባለ 6ቱ 1280 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩት የካርዱ ትናንሽ ክፍሎች) ሲኖረው ባለ 3ቱ 1152 ብቻ ነው ያለው። ሁለት የተለያዩ ካርዶችን በአንድ ስም መሸጥ ማለት ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አርኤክስ 580ም እንዲሁ ነው። ዋናው 2304 ኮር አለው። «2048ኤስፒ» የሚል ጭራ ያለው ግን በኮር ብዛት ከታናሹ አርኤክስ 570 ጋር እኩል ነው። ሻጩ ያቺን ጭራ ላይነግርህ ይችላል። አንተ የካርዱን ዝርዝር የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚን ከፍተህ «ሼደርስ» የሚለው ቦታ ላይ የኮሩን ቁጥር እይ። ፕሮግራሙ ነጻ ነው። የድሮ ካርድ ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ የተጫነው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥበትም ጊዜ አለ፤ ጂፒዩ-ዚ ብዙዎቹን ስማቸው ላይ «ፌክ» ብሎ ያጋልጣቸዋል።

አሁን ወደ ሁለቱ ልምጣ። 580 በ2017 የወጣ ነው፤ ውስጡ ግን የ2016ቱ አርኤክስ 480 ከፍ ባለ ፍጥነት እንዲሠራ ተደርጎ ነው። 8 ጊጋባይቱ ትልቅ ሀብት ነው። ቴክስቸር ሃይ ላይ አድርገህ ብዙ ጌም ያለ ጭንቀት ትጫወታለህ። 1660 ሱፐር ደግሞ በጥቅምት 2019 ወጣ። ሜሞሪው 6 ጊጋባይት ቢሆንም ጂዲዲአር6 የተባለው ፈጣን ዓይነት ስለሆነ በሰከንድ 336 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ የ580ው 256 ነው። በጥሬ ፍጥነት 1660 ሱፐር አብዛኛው ጌም ላይ በግልጽ ይቀድማል። የሚበላው ኃይል ደግሞ 125 ዋት ሲሆን 580ው 185 ነው። ፓወር ሰፕላይህ (ለኮምፒዩተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) የቆየ ነው ስላልክ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሙቀቱና የፋኑ ጩኸትም አብሮ ይቀንሳል።

ሌላው ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ካርዱን የሚያሠራበት ፕሮግራም ነው። ካርዱ ጤነኛ ሆኖም ድራይቨሩ ሊቆምበት ይችላል። ኤንቪዲያ ለማክስዌልና ለፓስካል ትውልዶች፣ ማለትም ለ970ና ለ1060 ዓይነቶቹ፣ ለአዳዲስ ጌሞች የሚያዘጋጀውን ድራይቨር በጥቅምት 2025 አቁሟል። የደህንነት ማሻሻያ ብቻ እስከ 2028 ይቀጥላል። የአርኤክሶቹ አምራች ኤኤምዲም 580 ያለበትን የፖላሪስ ትውልድ ከዋናው የድራይቨር መስመር አውጥቶ ለብቻው አድርጎታል። 1660 ሱፐር የቱሪንግ ትውልድ ስለሆነ ይህ ማቆሚያ አልነካውም። ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ይህ ነው።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ሦስቱም የማይከፍቱት ጌም አለ። በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም ሬይ ትሬሲንግን (የብርሃንን ጉዞ እያሰሉ ምስል መሥራትን) በሃርድዌር ይፈልጋል፤ ዝቅተኛው መስፈርት አርቲኤክስ 2060 ሱፐር ነው። ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ እንኳ፣ 11 ጊጋባይት ይዞ፣ አይችለውም። ያ ካርድ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ካርድ ነው። በ2017 ወጥቶ ስንቱን አዲስ ካርድ ሲያሸማቅቅ ኖረ! በርካሽ ካገኘኸውና ፓወር ሰፕላይህ 250 ዋቱን ከቻለው ከ1660 ሱፐርም በፍጥነት ይበልጥሃል፤ ፓስካል ነውና የድራይቨሩን ነገር ግን አውቀህ ግባ።

ፕሮሰሰርህን አልነገርከኝም። ካርድ ከመቀየርህ በፊት አንድ ነገር ሞክር፦ አሁን ባለህ ካርድ የጌሙን ሬዞሉሽን ከ1080ፒ ወደ 720ፒ አውርደው። ፍሬሙ ካልጨመረ የሚጎትትህ ፕሮሰሰሩ ነውና አዲሱ ካርድም ብዙ አይፈይድልህም። ከጨመረ ግዛ። ከገዛህም በኋላ ኤፍኤስአር (ምስሉን በትንሽ ሬዞሉሽን ሠርቶ የሚያሳድግ ዘዴ) ያለበት ጌም ላይ እሱን አብራው፤ ጂቲኤክስ ላይም ይሠራል። የኤንቪዲያ ተመሳሳይ ዘዴ ዲኤልኤስኤስ ግን ለአርቲኤክሶቹ ብቻ ነው።

580ውን ከወሰድክ ማይኒንግ (ክሪፕቶ ገንዘብ ማውጣት) ላይ የዋለ ሊሆን ይችላል። እሱ ብቻውን አያስፈራህ። ባዮሱ ተነካክቶ እንደሆነ አጣራ፣ ፋኖቹ ሲዞሩ ድምፃቸውን ስማ፣ ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቴርማል ፔስቱንም ቀይርለት። ሲከፈት ፔስቱ ደርቆ እንደ ኖራ ሲፈረፈር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከተቀየረ በኋላ ሙቀቱ ሲወርድ በግልጽ ታየዋለህ። የትኛውንም ካርድ ብትገዛ ደግሞ ሻጩ ፊት ጌም ከፍተህ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳታቋርጥ አሠራው። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም የማይገባ ቀለም ካየህ ትተኸው ሂድ።

የምትጫወታቸውን ጌሞች ስም፣ ፕሮሰሰርህንና የፓወር ሰፕላይህን ዋት ጻፍልኝ። ካርዱን ስታይ የጂፒዩ-ዚውን ገጽ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት አብረን እናየዋለን። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ወዳጅህ