ማጫወቻችን አልተበላሸም

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ቅዳሜ ፊልሙ ሳያልቅ ወጥተው ከሄዱት መካከል አንዳንዶቹ በሩ ላይ «ምስሉ ይደበዝዛል፤ ማጫወቻችሁን አሠሩት» ብለውናል። ማጫወቻው ደህና ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤ ዉማን አንደር ዘ ኢንፍሉዌንስ» የተቀረጸው እንደዚያ ነው፦ ካሜራው ተዋንያኑን ይከተላል፤ ፊታቸው ይደበዝዝና መልሶ ይጠራል። ዳይሬክተሩ ጆን ካሳቬቴስ ይህን እያየ ነው የተወው።

ገንዘብ የሚሰጠው ቢያጣ ቤቱን አስይዞ ተበደረ። የዋናዋን ገጸ ባሕርይ የሜብልን ባል ሆኖ የሚጫወተው ፒተር ፎልክ፣ የቴሌቪዥኑ መርማሪ ኮሎምቦ ማለት ነው፣ ከኪሱ አዋጣ። ሜብልን የምትጫወተው ጂና ሮውላንድስ የዳይሬክተሩ ሚስት ነበረች። የእሱ እናት የባልየው እናት፣ የእሷም እናት የሜብል እናት ሆነው ይተውናሉ። ደቦ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ፊልሙ ሲያልቅም አከፋፋይ ስላልተገኘ ለሲኒማ ቤቶች ራሱ እየደወለ ነው ያሳየው። እንደ እኛ ላለ ትንሽ ማሳያ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዲት ደንበኛችን «እብድ ሴት ለምን ታሳዩናላችሁ?» ብለውናል። እስቲ የስፓጌቲውን ማዕድ ያስታውሱ። ባል ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ ያደሩ ባልደረቦቹን ይዞ ይመጣል፤ ሜብል ቀቅላ ታቀርባለች፣ የእያንዳንዱን ስም ትጠይቃለች፣ አንዱን እንደንስ ትለዋለች። እንግዳ መውደዷ ትንሽ በዝቶ ይሆናል። ባልየው እስኪጮህባት ድረስ ግን ማን ምን አጠፋ? ከጩኸቱ በኋላ ሁሉም ሳህኑን የሚያይበት ዝምታ በየቤታችን የምናውቀው ነው። ታማሚዋ እሷ ብቻ መሆኗን እኛ ደጋግመን አይተነውም ልንወስን አልቻልንም።

ጥፋታችንን ደግሞ እንናገር። በሁለተኛው አጋማሽ የአማርኛው ጽሑፍ ከንግግሩ ቀድሞ ይወጣ ነበር፤ አስተካክለነዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያለ እረፍት ማስቀመጣችንም ልክ አልነበረም። ሜብል ወደ ሆስፒታል ከተወሰደች በኋላ አሥር ደቂቃ ለቡና እናቆማለን።

በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንደገና እናሳያለን። አቋርጣችሁ የወጣችሁ የቀድሞ ትኬታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አንዳች አትከፍሉም። ትኬቱ የጠፋባችሁም ኑ፣ ፊታችሁን እናውቀዋለን። ልጆችን ግን እቤት ተዉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማሳያ ቤቱ ባልደረቦች