ደብተሩ ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን፣ ግን...

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰሜን ወሎ ገጠር ውስጥ አንድ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት በበጎ ፈቃድ ሂሳብ አስተምራለሁ። በ2014ቱ ጦርነት የት/ቤቱ ዴስክ ለማገዶ ነደደ፣ ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ተመስገን አልን ግን ክረምቱ ላይ ክልሉ ውስጥ ሌላ ውጊያ ተነሳ፣ አሁንም መንገድ ሲዘጋ ትምህርቱም አብሮ ይዘጋል።

ልጆቹ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አርገው ነው ሚጽፉት። መፅሀፍ አንዱን ለአራት ለአምስት ስለሆነ ጥያቄውን ሁሉ ሰሌዳ ላይ እገለብጣለሁ፣ ጠመኔ ሲያልቅ በቃል ነው። አራተኛ ክፍል ውስጥ የአስራ አራት አመት ልጅ አለች፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው ምትማረው፣ ደሞ ማባዛት ለክፍሉ ምታስጠናው እሷ ናት፣ በጣም ነው ምኮራባት። ከባድ መኪና ሲያልፍ ክፍሉ በሙሉ ጭጭ ይላል፣ ያኔ ጮክ ብለን አብረን እንቆጥራለን።

ከተማ ያላችሁ ደብተርና እስክርቢቶ ስለላካችሁ እናመሰግናለን። ግን መምህራኑ ደሞዛቸው እየዘገየ በባዶ ሆዳቸው ነው ሚያስተምሩት፣ ይሄን የሚመለከተው አካል ይስማልን። ት/ቤትም የማንም ወገን የጦር ካምፕ መሆን የለበትም! እባካችሁ ይሄን ደጋግማችሁ ጻፉልን።

አንድ በጎ ፈቃደኛ፣ ከሰሜን ወሎ