የኮምቦልቻ ባቡር ጣቢያ መንገደኛውን ያስብ፦ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እኛ የኮምቦልቻ ነዋሪዎች ኮረብታው ሲቆረጥም፣ ሐዲዱ ሲነጠፍም፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ፕሮጀክቱ ላይ ጉዳት ሲደርስም በቅርብ አይተናል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ስለ መዘግየቱ ለመውቀስ ሳይሆን፣ መስመሩ መንገደኛ በሙሉ አቅሙ ከማስተናገዱ በፊት ጣቢያው በመንገደኛ ዓይን አንድ ጊዜ እንደገና እንዲታይልን ለመጠየቅ ነው።

ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን ይዤ ለጉዳይ ወደ አንድ ባለ ፎቅ የሕዝብ አገልግሎት መስጫ ሄጄ ነበር። የአሳንሰሩ በር ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ካርቶን ተለጥፏል፤ ካርቶኑ ግን ፀሐይ አግኝቶት ጥጉ ከመጠቅለሉ በላይ ጽሑፉ ራሱ ደብዝዞ ነበር። ሁለት ወጣቶች «ኧረ እማማ፣ እኛ አለን» ብለው በወንበር ተሸክመው አወጧት። ወጣቶቹን እግዜር ይስጣቸው፤ እናቴ ግን እስክትወርድ ድረስ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አላነሳችም። አሳንሰር መብራትና መለዋወጫ ይፈልጋል፤ በደንብ የተሠራ፣ ለጋሪም ለሽማግሌም የማይከብድ ተዳፋት መተላለፊያ ግን መብራት ጠፋ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ጣቢያችን በአሳንሰር ብቻ ሳይታመን እንዲህ ያለ መተላለፊያ እንዲኖረው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ስለነበር፣ ጥያቄዬ አዲስ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የደሴ መንገደኛ ነው። ባቡሩ ደሴ አይደርስም፤ የደሴ ሰው ጠመዝማዛውን ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ወርዶ ነው መሳፈር የሚችለው። የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ ፈርቶ በጋቢ ተጠቅልሎ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ላቡን እየጠረገ ነው (ይህን የሁለቱንም ከተማ አየር የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል)። ይህ ሰው መናኸሪያ ወርዶ፣ ሻንጣውን ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ ሁለተኛ ሒሳብ ከፍሎ ወደ ጣቢያው ከሚሄድ ይልቅ፣ ሚኒባሱ በቀጥታ ጣቢያው በር ላይ የሚያወርድበት ጥላ ያለው ማቆሚያ ቢዘጋጅለት ወጪውም ድካሙም ይቀንሳል። ይህ ከሁለቱ ከተሞች አስተዳደሮች ጋር በስምሪት ጉዳይ አስቀድሞ መነጋገርን ይጠይቃል።

መጸዳጃ ቤትና ውኃም አይዘንጋ። የወሎ መንገደኛ ለሶላት ውዱ የሚያደርግበትን ቧንቧ መፈለጉ አይቀርም፤ ዝቅ ያለ ቧንቧና መቀመጫ ከጅምሩ ካልተሠራ የእጅ መታጠቢያው ሁልጊዜ ውኃ እንደተኛበት ይኖራል።

በመጨረሻም መሐንዲሶቻችሁ ሥራውን ከመረከባቸው በፊት አንድ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውና አንዲት እናት ይዘው ከዋናው በር እስከ መሳፈሪያው ድረስ እንዲሄዱ እጠይቃለሁ። ፈቃዳችሁ ከሆነ እናቴን ይዤ እኔው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኮምቦልቻ ነዋሪ